ስለ ተራራ መስክ ጥቁር አፈር፤ ዓይነቱና መለያው ከሳነቲ አምባ እስከ ነገሌ ቦረና

መሬትን የሚያርስም ሆነ ከብት የሚያሰማራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የቆመበትን አፈር ሊያውቅ ይገባዋል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደግን ሁላችን የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፥ ይኸውም ከመሬት፥ ከውሃ፥ ከነፋስና ከእሳት እንደ ተሠራ ተምረናል። አፈርም ከዚህ የራቀ አይደለም። እሳት ያቀለጠው ድንጋይ፥ ነፋስ የበተነው አመድ፥ ውሃ ያሟሟው ጨውና የሣር የቅጠሉ ብስባሽ በአንድነት ተዋሕደው የሚሠሩት ነገር ነው እንጂ እንዲያው የተከመረ ትቢያ አይደለም። በወንጌል ስለ ዘሪው በተነገረው ምሳሌም አንዱ ዘር በአራት ስፍራ ወድቆ ልዩ ልዩ ዕጣ እንደ ደረሰው እናስታውሳለን፤ ልዩነቱ ከመሬቱ እንጂ ከዘሩ አልነበረም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በከፍተኛ ተራራ ላይ በሣር ሥር የሚገኘውን፥ ከሸክላና ከእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራውን ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር ከነገሌ ቦረና በስተ ሰሜን በኩል በባሌ ተራሮች ላይ ተዘርግቶ ይገኛል። የቆላው ሰው፥ «የተራራው አፈር እኛን ምን አገባን?» ሊል ይችላል። ነገር ግን የገናሌን ውሃ የሚጠጣ ሁሉ ሳያውቀው ከዚያ አፈር ጋራ ተሳስሮ ይኖራል። ይህንንም ወደ ኋላ እንገልጸዋለን።

ጥቁር አፈር ሁሉ አንድ ይመስላል፤ አንድ ግን አይደለም። ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው ሰው ራሱ ባለማወቁ ያፈረበት ነገር አለ። ቀድሞ በአንድ የደጋ ወረዳ በጽሕፈት ሥራ ላይ ሳለሁ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ምርጊት ጎደለ። እኔም ጥቁር አፈር ሁሉ መረሬ መስሎኝ፥ መረሬም ተጣባቂ መሆኑን ስለማውቅ፥ ከመስኩ ጥቁር አፈር ተዝቆ በጭድ ተቦክቶ እንዲመረግ ነገርሁ። አንድ ሽማግሌ፥ «ልጄ፥ ይህ አፈር ግድግዳ አይይዝም» ቢሉኝ አልሰማኋቸውም። የጥቅምት ፀሐይ በመታው ጊዜ ምርጊቱ እንደ ዱቄት እየረገፈ ወረደ፤ ልጆቹም ደብተራቸው ላይ የወረደውን ትቢያ ሲያራግፉ ሰነበቱ። ሽማግሌው ያወቁትን እኔ የተማርሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

አፈር ከምን ይሠራል

አፈር እንደ ፍጡር ወላጅ፥ ዕድሜና አኗኗር ያለው መሆኑን አስቀድሞ በሥርዓት የጻፈው ቫሲሊ ዶኩቻዬቭ የተባለ የመስኮብ ሊቅ ነው። ይህ ሰው በ1883 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስለ አገሩ ጥቁር አፈር ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። ከእርሱ በኋላ የመጡትም ሊቃውንት ነገሩን አስፋፍተው አፈርን የሚሠሩት አምስት ነገሮች መሆናቸውን አስረዱ። አንደኛው አባት የሆነው ድንጋይ ወይም አመድ ነው፤ ሁለተኛው የአየሩ ጠባይ፥ ማለት ዝናብና ሙቀት ነው፤ ሦስተኛው በላዩ የሚኖሩት ዕፅዋትና እንስሳት ናቸው፤ አራተኛው የመሬቱ አቀማመጥ፥ ማለት ተዳፋት ወይም ረባዳ መሆኑ ነው፤ አምስተኛው ዘመን ነው። ከእነዚህ ከአምስቱ አንዱ ቢለወጥ አፈሩም ይለወጣል።

የአፈር ቅንጣት በመጠኑ በሦስት ይከፈላል። በዓይን የሚታየውና በጣት ሲታሽ የሚሻክረው አሸዋ ነው። ከእርሱ የደቀቀው፥ እንደ ዱቄት የሚለሰልሰው ደለል ነው። ከሁሉ የደቀቀው ሸክላ ነው፤ የአንዱ የሸክላ ቅንጣት ስፋት ከሚሊ ሜትር ከሺሕ ሁለት እጅ ያንሳል። እንስራና ምጣድ የሚሠራው ሸክላ በብዛት ካለበት አፈር ነው። ሸክላ ውሃንና የተክልን ምግብ የሚይዝ ሲሆን፥ ሲበዛ ደግሞ ለማረሻ ይከብዳል።

በባሌ ተራሮች የነበረው እሳትና በረዶ

የባሌ ተራሮች ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከምድር ውስጥ በወጣ ቅልጥ ድንጋይ የተከመሩ ናቸው። ጥቁሩ ድንጋይ ባዛልት፥ ነጣ ያለው ትራካይት ይባላል። ከቅልጡ ድንጋይ ጋራ አመድም ይወጣ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ከሌላ ስፍራ የፈነዳ እሳተ ገሞራ አመድ በነፋስ እየተጫነ በተራራው ላይ ይወርድ ነበር። ይህን የሚመሰክር አንድ ነገር አለ፤ በተራራው ላይ ገርባ ጉራቻ የሚባል ትንሽ ሐይቅ ይገኛል። ሊቃውንት ከሐይቁ በታች ያለውን ጭቃ በረጅም ቱቦ ቀድተው ባወጡት ጊዜ በጭቃው ድርብርብ መካከል የአመድ ንጣፍ አገኙ።

እሳት ብቻ አይደለም፤ በረዶም ነበር። በቀድሞ ዘመን ዓለም ሁሉ በቀዘቀዘች ጊዜ የሳነቲ አምባ በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር። ግግሩ ሲንቀሳቀስ የቀድሞውን አፈር ፋቀው፥ ድንጋዩንም እየገፋ በሸለቆው አፍ ከመረው። በተራራው ላይ ፊንጫ ሀበራ በሚባል ዋሻም ከ30 ሺሕ ዓመት በፊት ሰው ይኖር እንደ ነበረ በ2011 ዓ.ም. ተገልጿል። በረዶው ከቀለጠ በኋላ በተራቆተው ዓለት ላይ አዲስ አመድና አዲስ ሣር መጣ። ስለዚህ በአምባው ላይ በረዶ በፋቀው ስፍራ ዛሬ የምናየው የመስክ አፈር በመሬት ዕድሜ ገና ወጣት ነው። ወጣትነቱም ለጠባዩ ትልቅ ምክንያት መሆኑን ልብ ይሏል።

ከነገሌ ወደ ሳነቲ የሚወስደው መንገድ

ከአምስቱ የአፈር ምክንያቶች የአየሩን ጠባይ ኃይል በዓይኑ ማየት የሚወድ መምህር ከነገሌ ተነሥቶ ገናሌን ተሻግሮ በዶሎ መና በኩል ወደ ጎባ ቢሄድ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተዘረጋ ትምህርት ያገኛል።

ነገሌ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። በዙሪያዋ ከፍ ባለው ስፍራ ቀይ አፈር ይታያል፤ ውሃ በሚተኛበት ረባዳ ደግሞ በበጋ የሚሰነጠቀው፥ የአገሩ ሰው ኮቲቻ የሚለው ጥቁር አፈር ይገኛል። ወደ ገናሌ ሲወርዱ ሙቀቱ ይበረታል፤ አፈሩም ስስና ድንጋያማ ሆኖ ግራርና ቁጥቋጦ ያበቅላል። ወንዙን ተሻግረው ወደ ዶሎ መና ሲደርሱ ቀዩ አፈር ይመለሳል። ከዚያ ወደ ሐረና ደን ሲገቡ ዝናቡ ይበዛል፤ የዱር ቡና በሚበቅልበት በዛፎቹ ጥላ ሥር ጥልቅ ቀይና ቡናማ አፈር አለ። ከደኑ በላይ ኮሶና አስታ ወዳለበት ሲወጡ ቡናማው እየጠቆረ ይሄዳል። ከአስታውም በላይ ከ3,800 ሜትር ጀምሮ የሳነቲ አምባ ይዘረጋል፤ ራሱም 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ነው። በዚህ ስፍራ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ጅብራና አጫጭር ሣር እንጂ ዛፍ አይታይም። እዚህ ላይ አፈሩ ጥቁር፥ ቀላልና እርጥበት ያዘለ ነው።

እንግዲህ በአንድ መንገድ ላይ ቀይ፥ የሚሰነጠቅ ጥቁር፥ ቡናማና የማይሰነጠቅ ጥቁር አየን። ቀዩን ያቀላው የብረት ዝገት ነው፤ በሙቀትና በረጅም ዘመን ድንጋዩ ፈጽሞ ፈርሶ ብረቱ ብቻውን ሲቀር አፈሩ ይቀላል። ሁለቱ ጥቁሮች ግን በመልክ ይመሳሰሉ እንጂ በጠባይ የሚቃረኑ ናቸው።

አመድ እንዴት ጥቁር አፈር ይሆናል

የእሳተ ገሞራ አመድ ከምድጃ እንደሚዛቀው አመድ አይደለም። የምድጃው አመድ ከእንጨት የተረፈ ነው፤ የእሳተ ገሞራው ግን በአየር ላይ በድንገት የቀዘቀዘ የቅልጥ ድንጋይ ብናኝ ነው። ድንጋይ በዝግታ ሲቀዘቅዝ ውስጡ እንደ ጨው ክርስታል በሥርዓት ይደረደራል፤ በድንገት ሲቀዘቅዝ ግን መደርደሪያ ጊዜ አጥቶ እንደ ብርጭቆ ይሆናል። ብርጭቆውም ደቃቅ ስለ ሆነ ዝናብ ቶሎ ያሟሟዋል።

ሲሟሟ አሉሚኒየም፥ ብረትና ሲሊካ የሚባሉ ነገሮች ይወጣሉ። እነዚህም በፍጥነት ስለሚወጡ በሥርዓት ያልተደረደረ አሎፋን የሚባል ልዩ ሸክላ ይሠራሉ። አሎፋን በዓይን ቀርቶ በተራ አጉሊ መነጽር የማይታይ፥ ውስጡ ባዶ የሆነ ክብ ቅንጣት ነው። ክፍት ውስጥ ስላለው ክብደቱ ጥቂት ነው፤ ውሃም በብዛት ይይዛል። ከዚህም ጋራ አሉሚኒየሙ ከሣሩ ብስባሽ ጋራ ይጣበቅና ብስባሹን ከመጥፋት ይጠብቀዋል። ይህም ቆዳ ፋቂ ቆዳውን በቅርፊት ውሃ ነክሮ ሲያለፋው ሳይበሰብስ ብዙ ዘመን እንደሚኖር ነው። ብርዱም መበስበስን ያዘገያል። ስለዚህ በየዓመቱ የሚሞተው የሣር ሥር እየተከማቸ አፈሩን ያጠቁረዋል።

ዘመን ሲረዝም አሎፋን በዚያው አይቀርም። እየተደረደረ ወደ ተራ ሸክላ ይለወጣል። የአመዱ ጠባይ ይደክማል፤ ሸክላው ይበዛል። ከዚህም የተነሣ በተራራ መስክ ላይ ወጣት የአመድ አፈር፥ የጎለመሰ ሸክላ የበዛበት አፈርና ፈጽሞ ሸክላ የሆነ ያረጀ አፈር ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ።

አንድ ሰው፥ «በቦረናም የእሳተ ገሞራ ምልክት አለ፤ በሜጋ ዙሪያና ጥቁር ጨው በሚወጣበት በኤልሶድ ጕድጓድ እሳት ፈንድቷል፤ ለምን እንደ ባሌ ያለ አፈር አልሆነም?» ቢል መልሱ የአየሩ ጠባይ ነው። የአመዱ አፈር የሚሠራው ዓመቱን ሁሉ እርጥበት በማይለየው ስፍራ ነው። በቆላ ዝናብ በጥቂት ወራት ይመጣና ረጅም ድርቅ ይከተላል። በዚያ የወጣው ሲሊካ ታጥቦ ሳይሄድ በረባዳው ይከማችና ሌላ ዓይነት ሸክላ ይሠራል። ይህ ሸክላ ሲረጥብ የሚያብጥ፥ ሲደርቅ የሚኰማተር ነው። ኮቲቻም ሆነ ከሸዋ እስከ ጎጃም መረሬና ዋልካ የሚባለው አፈር በበጋ የሚሰነጠቀው ስለዚህ ነው።

የአፈሩ ክፍሎች

አፈርን መሰየም ፈረስን እንደ መሰየም ነው። አስቀድሞ ፈረስ መሆኑ ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ ቦራ ወይም ዳማ ወይም ጉራቻ ተብሎ በመልኩ ይለያል። ዛሬ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የጸናው ሥርዓት አፈርን ሁሉ በ32 ታላላቅ ወገኖች ይከፍላል፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ ጠባዩን የሚገልጽ ቅጽል ይጨምርለታል። ለእኛ አገር መስክ የሚያስፈልጉት የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፤ የአመድ አፈር። ይህ በሊቃውንት ቋንቋ አንዶሶል ይባላል። ስሙ ከጃፓን የመጣ ነው፤ በጃፓን ቋንቋ «አን» ጨለማ ወይም ጥቁር፥ «ዶ» አፈር ማለት ነው። ሊቃውንት ይህን ስም የተቀበሉት በ1947 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጃፓኖችም እንደ እኛው አባቶች አፈሩን በመልኩ ጠርተውታል ማለት ነው። የዚህ አፈር ዋና ምልክት ቀላልነቱ ነው፤ ሰፊቱ ከፍታው አንድ ሜትር የሆነ ሣጥን ሙሉ ደረቅ አፈር ከ900 ኪሎ አይበልጥም። ተራው የሸክላ አፈር በዚሁ ልክ ከ1,200 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል።

2ኛ፤ አመድ የነካው የመስክ ሸክላ። ይህ ከአመዱና ከፈረሰው ጥቁር ድንጋይ ሸክላ የተቀላቀለ ነው። ከላይ ጥቁርና ቀላል፥ ወደ ታች ሲቆፈር ቡናማና ተጣባቂ እየሆነ ይሄዳል። ሊቃውንት ዋናውን ስም በሸክላው ይሰጡና «አንዲክ» የሚል ቅጽል ይጨምሩበታል፤ ይኸውም የአመድ ጠባይ ያለው ማለት ነው። በተዳፋቱ ወገብና በአምባው ዳር የሚፈለግ ይህ ነው።

3ኛ፤ የጨፌ አፈር። ውሃ በሚተኛበት መስክ የሚገኝ ነው። ላዩ በብስባሽ የጠቆረ፥ ከሥሩ ግን ግራጫ ወይም ሰማያዊ መሰል ሆኖ የዝገት ነጠብጣብ ያለበት ነው። ግራጫነቱ አየር ስላልደረሰው ነው፤ ነጠብጣቡም አየር በገባበት ስንጥቅና በሥር መንገድ የተሠራ የብረት ዝገት ነው።

4ኛ፤ የሚሰነጠቅ ጥቁር ሸክላ። ይህ ቬርቲሶል ይባላል፤ ትርጓሜው ራሱን የሚገለብጥ ማለት ነው። በበጋ ስንጥቁ ውስጥ የገባው የላይ አፈር በክረምት ሸክላው ሲያብጥ ከታች ወደ ላይ ይገፋልና። ቢያንስ ከመቶ 30 እጅ ሸክላ አለው። በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል ተብሎ ይገመታል። ኮቲቻ፥ መረሬና ዋልካ የዚህ ወገን ናቸው።

5ኛ፤ ቀይ ሸክላ። ያረጀ፥ ጥልቅና ውሃ የሚያሳልፍ ነው። ከጭድ ጋራ ሲቦካ ለምርጊት የሚስማማው ይህ ነው እንጂ ሁለቱ ጥቁሮች አይደሉም፤ አንዱ ይረግፋል፥ ሁለተኛው ይሰነጠቃል።

በእጅ መለያ

አፈርን ለመለየት የከተማ መሣሪያ የግድ አይደለም። ዶማ፥ ሁለት እኩል ጣሳ፥ ውሃና ጣት ይበቃል። መምህሩ ልጆቹን ይዞ የጕልበት ልክ ጕድጓድ ካስቆፈረ በኋላ ግድግዳውን በቢላ ፍቆ እንደሚከተለው ያሳያቸው።

አንደኛ፤ ክብደቱን ይመርምር። በአንዱ ጣሳ የመስኩን፥ በሁለተኛው የኮቲቻውን አፈር በፀሐይ አድርቆና አድቅቆ ይሙላና በሚዛን ይመዝን። የአመዱ አፈር ቅለት ልጆቹን ያስደንቃቸዋል።

ሁለተኛ፤ በጣት ይሽ። የአመዱ አፈር ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ጠንካራ መስሎ ሳለ አጥብቀው ሲጫኑት በድንገት ይላላና ውሃ ያወጣል፤ ጫናው ሲቀርም መልሶ ይጠናል። ኮቲቻ ግን እንደ ሙጫ ይጣበቃል እንጂ ውሃውን አይለቅም።

ሦስተኛ፤ ይጠቅልል። አርጥቦ በመዳፍ መካከል ሲያሹት ረጅም ገመድ ሆኖ እንደ ቀለበት ከታጠፈ ሸክላው ብዙ ነው። ሲታጠፍ ከተሰበረ ሸክላው መካከለኛ ነው። ገመድ መሆንን እንቢ ካለ አመድ ወይም አሸዋ በዝቶበታል።

አራተኛ፤ አድርቆ ያጥልቅ። ከእያንዳንዱ አፈር ጓል ወስዶ ብዙ ቀን በፀሐይ ያድርቅና ውሃ ውስጥ ይጨምር። ኮቲቻው ውሃ ይጠጣል፥ ያብጣል፥ ይፈርሳል። የአመዱ አፈር ግን አንድ ጊዜ አጥብቆ ከደረቀ ወደ ቀድሞ ጠባዩ አይመለስም፤ እንደ ትናንሽ ጠጠር ሆኖ ውሃ መጠጣትን እንቢ ይላል። ይህን ምልክት ከሁሉ ይልቅ ልብ ማድረግ ይገባል።

አምስተኛ፤ በታኅሣሥና በጥር ስንጥቁን ይይ። እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ካለ ቬርቲሶል ነው። የተራራው መስክ እንዲህ አይሰነጠቅም።

ሊቃውንት ከዚህ በላይ በቤተ ሙከራ ይመረምራሉ። ከሚያዩትም ነገር አንዱ አፈሩ የተጨመረለትን ፎስፎር ምን ያህል እንደሚይዝ ነው፤ እውነተኛው የአመድ አፈር ከመቶ 85 እጅና ከዚያም በላይ ይዞ ያስቀራል።

ይህን ማወቅ ስለ ምን ያስፈልጋል

አንደኛው ምክንያት ውሃ ነው። የተራራው መስክ እንደ ትልቅ ሰፍነግ ነው። ዝናቡንና ጉሙን ጠጥቶ ይይዝና በበጋ ጥቂት በጥቂት ይለቃል። ወልመል ከዚያ ወርዶ ወደ ገናሌ ይገባል፤ ዌብም በሶፍ ዑመር ዋሻ አልፎ ወደ ቆላ ይወርዳል። ገናሌና ዳዋ በዶሎ አጠገብ ተገናኝተው ጁባ ይሆናሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በቦረና የበልጉና የሐጋያው ዝናብ አምስት ጊዜ ተከታትሎ በቀረ ጊዜ ስፍር ቍጥር የሌለው ከብት እንዳለቀ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። በእንዲህ ያለ ዘመን የማይደርቅ ወንዝ ምን ያህል ሀብት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በገናሌም ላይ በ2012 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ የጀመረው የገናሌ ዳዋ ሦስተኛ ግድብ 254 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲሰጥ የተሠራ ነው። ከላይ የሚታጠበው አፈር በመጨረሻ የሚተኛው በእንዲህ ያለው ግድብ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት እርሻ ነው። የመስኩ ጥቁረት አራሹን ያጓጓዋል፤ ገብስም በመጀመሪያው ዓመት ያምርለታል። ሣሩ ተገልብጦ ፀሐይ ሲመታው ግን ብስባሹ ይጠፋል፤ አፈሩም ይደርቃል። ከላይ እንዳየነው ይህ አፈር አጥብቆ ከደረቀ ውሃ መጠጣትን ይረሳል፤ ቀላልም ስለ ሆነ ነፋስና ጐርፍ ይወስዱታል። በስሜን ተራሮች ሐንስ ሁርኒ የተባሉ የስዊስ ሊቅ ባደረጉት ምርመራ ለብዙ ዘመን በታረሰው ተዳፋት ላይ ጥቁሩ አፈር እጅግ ሳስቶ ተገኝቷል። በሺሕ ዓመታት የተከማቸው በጥቂት ትውልድ ይሄዳል ማለት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ማዳበሪያ ነው። በዚህ አፈር ላይ ማዳበሪያ የሚበትን ገበሬ፥ «ገንዘቤ የት ገባ?» ይላል። አሎፋኑ ፎስፎሩን ይዞ ለሥሩ አይለቅለትም። ስለዚህ ቀድሞ በታረሰው መሬት ላይ ማዳበሪያውን ከመበተን ይልቅ በመስመር በዘሩ አጠገብ ማድረግ፥ ፍግና ኮምፖስትም መጨመር ይሻላል። ለኮቲቻ ግን ዋናው ችግር በክረምት ውሃ መተኛቱ ነውና መድኃኒቱ ውሃውን በቦይ ማፍሰስ ነው። አንዱ ውሃ እንዳያጣ፥ ሁለተኛው ውሃ እንዳይበዛበት ይጠበቃል። ሁለቱን ጥቁሮች ያልለየ ሰው የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ይሰጣል።

አራተኛው ምክንያት ግጦሽ ነው። የባሌ ሰዎች ከብታቸውን በዓመቱ ጊዜያት ከቆላ ወደ ደጋ እያዘዋወሩ ያሰማሩ ነበር፤ ይህንም ጎዳንቱ ይሉታል። ከብቱም ሆራ ከሚባለው የጨው ምንጭ ይጠጣ ነበር። ይህ ሥርዓት ለመስኩ ዕረፍት ይሰጠዋል። ከብት ዓመቱን ሁሉ በአንድ ስፍራ ሲቆም ግን ሰኰናው እርጥቡን አፈር ይረግጠዋል፤ የውሃው መግቢያ ይደፈናል። በዚያ ላይ እሳት ከተጨመረ ሣሩም ብስባሹም አብሮ ይነዳል።

በባሌ ብቻ የሚገኝ አንድ ትልቅ ፍልፈል አለ። ጕድጓድ እየቆፈረ የታችኛውን አፈር ወደ ላይ፥ የላዩን ሣር ወደ ታች ያወርዳል። ያለ ማረሻ የሚያርስ ገበሬ ልንለው እንችላለን። ቀይ ቀበሮውም ከሁሉ ይልቅ የሚመገበው እርሱን ነው። ስለ እነዚህና ስለ ሌላው ሀብቱ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. በመስከረም ወር በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል።

ለመምህራንና ለሽማግሎች

መምህራን ሆይ፥ ይህን ትምህርት በሰሌዳ ብቻ አታስተምሩ። ልጆቹ ከየቤታቸው ደጃፍ አንድ አንድ ጭብጥ አፈር ያምጡ፤ በወረቀት ላይ ይደርድሩት፤ የተገኘበትን ስፍራ፥ መልኩን፥ ክብደቱንና የአገሩን ስም ይጻፉበት። በአንድ ዓመት ውስጥ ትምህርት ቤቱ የቀበሌውን አፈር መዝገብ ያገኛል። የአገሩን ስም አትናቁ። ኮቲቻ የሚለው ስም ከሊቃውንቱ ቬርቲሶል ብዙ ዘመን ይቀድማል፤ የሚያመለክተውም ያንኑ ነገር ነው።

ሽማግሎች ሆይ፥ በቦረና የኤላው ውሃ ሲቀዳ ተራውን የሚያስከብር አባ ሄሬጋ አለ። ለጥጃና ለደካማ ከብት የሚከለል ካሎ አለ። በመንዝም የጓሳን ሣር ለብዙ መቶ ዓመታት የጠበቀ የቄሮ ሥርዓት ነበር፤ ዛሬም ሕዝቡ ያን ስፍራ በማኅበር ይጠብቀዋል። ውሃን በተራ መጠጣትን፥ ሣርን በተራ ማጋጥን ያወቀ ሕዝብ ውሃውንና ሣሩን የሚሸከመውን አፈር መጠበቅ አያቅተውም። የሚያስፈልገው አፈሩን በስሙ ማወቅና ለልጅ መንገር ነው።

የምርጊቱን ነገር የነገሩኝ ሽማግሌ አፈሩን በጣታቸው አሽተው ነበር የተናገሩት። እኔ ዓይኔን አመንሁ፤ እርሳቸው ጣታቸውን አመኑ። ከዚያ ወዲህ ጥቁር አፈር ባየሁ ጊዜ ጐንበስ ብዬ ጭብጥ ሳላነሣ ስሙን አልጠራም። አንባቢም እንዲሁ ያድርግ።